ተረኛ ያጣው ጽዋ

የምኖረው ጌጃ ሰፈር ነው፤ የማስተምረው ደግሞ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የኅብረተሰብ ሳይንስ። እሑድ እሑድ በሰበካችን ሰንበት ትምህርት ቤት ታዳጊዎችን አስተምራለሁ። ሰሌዳ ካየሁ አንደኛ፣ ሁለተኛ ብዬ መጻፍ እወዳለሁ፤ ነገር በመልክ በመልኩ ከተቀመጠ የሚገባ ይመስለኛል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች «የዘመኑ የኅብረተሰብ ለውጥ ለቤተ ክርስቲያን ምን ይዞ እንደመጣ አንድ ገለጻ አዘጋጅልን፤ ምእመኑ እየሳሳብን ነው» ሲሉኝ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ እሺ አልኩ።

ያነበብኩትን አሰባሰብኩ። ስለ ከተማና ስለ ሃይማኖት የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ነገሮች አሉ። ሰው ሰፈር ሲለውጥ የሚያመልክበት ልማድም አብሮ ይነቀላል። ወጣቱ ስብከቱን ከዐውደ ምሕረት ይልቅ ከስልኩ ይሰማል። ኑሮ ሲከብድ የበዓል ቀን የሥራ ቀን ይሆናል። ከአንድ ቤት ልጆች አንዱ ቅዳሴ ሲቆም ሌላዋ በፕሮቴስታንቶች አዳራሽ ትዘምራለች። እነዚህን በቅደም ተከተል አስቀምጬ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም ፊቷ ቆሜ ተለማመድኩ።

«አንደኛ፣ የመኖሪያ ቦታ ለውጥ። ሁለተኛ፣ የመገናኛ ዘዴዎች መስፋፋት። ሦስተኛ…»

«ቆይ እስቲ» አለችኝ እጇን ከምስሩ ሳታነሳ። «የኛ ጽዋ ስንተኛው ላይ ነው ያለው?»

«የትኛው ጽዋ?»

«ስንት ጽዋ አለኝ?»

የትኛውም ላይ አልጻፍኩትም ነበር።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ጽዋ ማኅበር ማለት በአንድ ቅዱስ ወይም በእመቤታችን ስም የተሰባሰቡ ሰዎች በየወሩ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ የሚያዘጋጁት ዝክር ነው። የእናቴ ማኅበር የልደታ ነው፤ የሚጠጣው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትደፋለች፤ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ፤ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይነካውም። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ትረከባለች፤ የቀሩት እልል እያሉ እስከ ደጇ ይሸኟታል። ጽዋው ያደረበት ቤት ልደታ በእንግድነት የገባችበት ቤት ተደርጎ ይታያል። የማኅበሩ መሪ፣ ሴትም ብትሆን፣ ሙሴ ትባላለች። የዚህ ማኅበር ሙሴ እናቴ ነበረች፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ሴትዮ ሲያርፉ አደራውን ለእሷ ሰጥተዋታል።

ያ ጽዋ ከጠፋ ወራት ሆኖት ነበር። ጠፋ ስል ተሰረቀ ማለቴ አይደለም፤ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰፈራችን የፈረሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። አንድ መንደር ይነሳል፣ በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ቀጥሎ ያለው ይጠብቃል። የማኅበሩ ሴቶች በልማት ተነሺ እየተባሉ አንዷ ጀሞ፣ አንዷ የካ አባዶ፣ አንዷ ኮዬ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። መጀመሪያ ላይ ጽዋው ተከትሏቸው ሄደ። እናቴ ጉልበቷን እየያዘች በየወሩ አዲስ ደረጃ ትወጣ ነበር። «ልደታ ፎቅ ወዳለች፤ ምን ላድርግ?» እያለች ትስቃለች። በመጨረሻ ተራው ኮዬ ለደረሳት ለቀድሞ የግድግዳ ጎረቤታችን ደረሰ። እልል ተብሎ ተሸኘ። የሚቀጥለው ወር ልደታ ግን ጥሪ አልመጣም። ከዚያ ወዲያም አልመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጽዋ ሲሰጡህ «አልችልም» አይባልም። ባይኖርህም፣ ቤትህ ባይመችም፣ «እንደ ፈቃዷ» ብለህ ትቀበላለህ፤ እምቢ ያለ ሰው እምቢ ያለው እመቤታችንን ነው። የወሰደን ሰው ደግሞ «የት አደረስከው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ እጅ አጠረህ እንደማለት ይቆጠራል። እናም ወሳጇ አፍራ ዝም አለች፤ እኛ ላለማሳፈር ዝም አልን። ማኅበሩን ማንም አላፈረሰውም። በሁለታችን ጨዋነት መሀል ቀረ።

እናቴ ወር በገባ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ እኩለ ቀን ትቀመጥ ነበር።

«አንቺ ለምን አትደውዪላትም?» እላታለሁ።

«ጽዋዬን አምጪ ልበላት? የሰው ገመና እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል?»

በዚያው ሰሞን ከወረዳ ሰዎች መጥተው ክረምቱ ሲወጣ የእኛም መንደር እንደሚነሳ ነገሩን። እናቴ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አላወጣችም። ሰዎቹ ሲሄዱ ግን እጄን ያዘችኝ።

«ይቺ ቤት ሳትፈርስ ጽዋው አንድ ጊዜ እዚህ ይጠጣ። ተረኛም ይገኝለት። አደራ የሰጡኝን ሴትዮ በሰማይ ሳገኛቸው፣ እጄ ላይ ሞተ ነው የምላቸው?»

ቅዳሜ ጠዋት ኮዬ ሄድኩ። አውቶቡሱ ከተማውን ጨርሶ ሜዳ ከገባ በኋላም ብዙ ይጓዛል። ሕንጻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰው ቤቱን የሚለየው በሰቀለው መጋረጃ ነው። የጎረቤታችንን ደረጃ እየወጣሁ ስንት አሮጊት እዚህ ላይ ቆማ እንዳረፈች አሰብኩ። በሩን ከፍታ ስታየኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እናትህ ሞታ ነው?»

«ኧረ ደህና ናት፣ እትዬ።» ጡት ብቻ ሲቀር እኩል ያሳደገችኝ ስለሆነች እንደ እናቴ አንቺ ነው የምላት። «ስለ ጽዋው ነው የመጣሁት። አትቀየሚኝ፣ እሷ አይደለችም የላከችኝ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «ስንት ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ከመንገድ እንደተመለስኩ ብነግርህ አታምነኝም።»

ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። ጠላውን ጠንስሳ ነበር። የገሾው ሽታ ደረጃውን ሞላው። የታች ቤቷ ወጥታ «አረቄ ቤት ተከፈተ እንዴ?» አለቻት። የብሎኩ ኮሚቴ በርሜሉን ከመተላለፊያው አንሺ አላት። ውኃው ደግሞ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ጠላው ሳይደርስ ቀኑ ደረሰ።

«ምን ብዬ ልደውል? ልደታን ጠርቼ የማጠጣት የለኝም ልበል? በሚቀጥለው ወር እክሳለሁ አልኩ። የሚቀጥለው ወር ሲመጣ ደግሞ ያለፈውን ዝምታ ምን ብዬ ላስረዳ? እንዲህ እንዲህ እያለ እዳው ከበደኝ።»

ጓዳ የነበረችው ልጇ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችና ሥራ የምትፈልግ ወጣት፣ ብቅ አለች። «ቁም ሳጥናችንን አይተሃል? እማዬ ልብሳችንን ወለል ላይ አውጥታ ለጽዋ አከራይታዋለች። ኪራይ ግን አይከፍልም።»

«ዝም በይ፣ አንቺ ጴንጤ!»

«እመቤቴን ምን አልኳት? ኮቴ የት ይሰቀል ነው ያልኩት!»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ወደ አዳራሿ ስትወጣ እናቲቱ ድምጿን ቀነሰች።

«ተከራክራ ተረትታ የሄደች እንዳይመስልህ። እዚህ ስንገባ ሰው አናውቅም። እኔ ታምሜ ተኝቼ በር ያንኳኩት እነሱ ናቸው። ሾርባ ይዘው። የኛ ንስሐ አባት በዚያ እድሜያቸው በምን ይድረሱልኝ? አልፈርድባቸውም። ልጄ ግን ያንኳኳላትን ከፈተች።»

ቁም ሳጥኑን ከፈተችልኝ። ጽዋው በሦስት ነጠላ ተጠቅልሎ ብቻውን ተቀምጧል።

«ይዤው ልሂድ?» አልኳት።

«ልደታን በፌስታል? በአውቶቡስ ተጋፍታ?» ተቆጣች። «እኔው በእጄ አመጣዋለሁ። ለእናትህ ንገራት፤ በሚገባው ወር በልደታ ደጇ ላይ ነኝ።»

ስመለስ መስኮት ዳር ተቀምጬ ገለጻዬን አወጣሁና ለማንበብ ሞከርኩ። ምእመኑ ምን ያህል እንደሚያምን መጠየቅ የለመድነው ሰውን ለብቻው አስቀምጠን ነው። ታምኛለሽ? ትጸልያለሽ? ትጾሚያለሽ? ይቺ ሴት ለሁሉም አዎ ብላ ትመልሳለች፣ መልሷም እውነት ነው። እናቴም እንዲሁ። የሁሉንም መልስ ደምረን ቤተ ክርስቲያን ደህና ናት ልንል እንችላለን። የጎደለው ግን በአንዷና በሌላዋ መካከል ያለው ነገር ነው፤ በእግር የሚደረስ ደጅ፣ የጋራ ግድግዳ፣ የጠላ ሽታ የማያስቆጣው ጎረቤት። እምነቱ ሳይነካ፣ የሚያድርበት ቤት ፈርሶበታል። ይህንን በኋላ ጉባኤው ፊት ተናግሬዋለሁ። አንድ አባል እጃቸውን አውጥተው «ስለዚህ መምህር፣ የቀጥታ ሥርጭቱን እናጠናክር ነው የምትለን?» አሉኝ። ከእኔ ማብራሪያ የተረዱት ያንን ነበር።

ወሩ ገባ። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። እናቴ ጠላውን በጊዜ አድርሳዋለች። ከወሎ የመጣችው ሙስሊም ጎረቤታችን እንደ ወትሮዋ አግዳሚ ወንበሮቿን አሸክማ መጣች። ቤቱ በወንበር ሞልቶ ሰው ሳይገባበት ሲቆይ ከበሩ ላይ አንገቷን አስገባች።

«አንቺ፣ የጠራሽው ሰው ነው ወይስ ወንበር?»

«ሰውማ ታክሲ እየጠበቀ ነው» አለች እናቴ።

«እንግዲያው ታክሲዎቹንም ጥሪያቸው።»

የመጡት ጥቂት ናቸው። የኮዬዋ ጎረቤታችን ጽዋውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጃንጥላውን ለራሷ ሳይሆን ለእሱ ይዛ፣ ትከሻዋ ረጥቦ ገባች። እናቴ አንገቷን አቀፈቻትና ሁለቱም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆዩ። ከጀሞ አንዲት ምላሰኛ ሴት መጣች፤ ገና ሳትቀመጥ «ከኛ ፎቅ እዚህ ድረስ ከመምጣት ኢየሩሳሌም ይቀርባል» አለች። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንዲት አሮጊት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ደረሱ። የንስሐ አባታችን ጫማቸውን አራግፈው ገቡና ባዶውን ወንበር አይተው እንዳላዩ ሆኑ። የቀሩት ደውለው አሳበቡ፤ አንዷ ሥራ፣ አንዷ ልጅ፣ አንዷ መንገድ።

ጸሎቱ ደረሰ፤ ጽዋው መዞር ጀመረ። በመሀል ከየካ አባዶ በምስል ተደወለ። ስልኩን እኔ ያዝኩላቸው። ሴትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ፣ «አሳዩኝ፣ እባካችሁ ጽዋዋን አሳዩኝ» አለች።

«ምን ታደርጊ፣ በካሜራው ላፍስልሽ?» አለቻት የጀሞዋ።

ሁሉም ሳቀ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ግን ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ኔትወርኩ ተያዘና ፊቷ እንዳለቀሰ ቆመ። ትንሽ ጠብቄ ዘጋሁት።

ጽዋው ዞሮ ሲያበቃ አባታችን ሸፈኑትና እንደ ደንቡ ጠየቁ።

«ተረኛዋ ማን ናት?»

የኮዬዋ መሬት መሬት አየች። አሮጊቷ መቋሚያቸውን ጨበጡ። እናቴ ዓይኗን በጀሞዋ ሴት ላይ አሳረፈች፤ በእድሜም በጉልበትም የምትሻለው እሷ ነበረች።

«አልችልም» አለች የጀሞዋ።

ያንን ቃል በዚያ ቤት ሰምቼው አላውቅም። አሮጊቷ አማተቡ።

«አታማትቡብኝ፣ እማማ። ልዋሽ? እንደ ፈቃዷ ብዬ ወስጄ፣ እኔም እንደሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ልሰራት?» እንባዋ መጣ። «ባሌ ጥበቃ ነው፤ እኔ በጠዋት የሰው ቤት ጽዳት እወጣለሁ። ማን ይጠምቃል? እናንተስ ትመጣላችሁ? ዛሬ ስንት ሰው መጣ?»

ያኔ ተነሳሁ።

«እኔ እረከበዋለሁ» አልኩ።

የጀሞዋ እንባዋን እየጠረገች አየችኝ። «ጎበዝ። ለማን ልታጠጣው ነው? ለተማሪዎችህ?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ቤት ለቤት መዞሩ ይቅር፤ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሁን። በየወሩ ካልተቻለ በየሦስት ወሩ። ጠላው ካስቸገረ ጠበል ይበቃል። ሁሉም በአውቶቡስ የሚደርስበት ሰዓት ይመረጥ፤ ማስታወሻውን በስልክ እልካለሁ። ሁሉንም አስቤበት ነበር። አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያስማማኋቸው መሰለኝ።

እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ትልቅ ሰው ነው የመለሰችልኝ።

«መልካም ነው ያልከው። ግን እሱ ስብሰባ ነው፣ ልጄ። ጽዋ በየቤቱ የሚገባው ለምን መሰለህ? የዚህች» አለች ወደ ጀሞዋ ሴት እየጠቆመች፣ «የዚህች ልጅ መሶብ ባዶ መሆኑን እኔ ያየሁት ጽዋ ልጠጣ ገብቼ ነው። ያቺ ባሏ ይመታት የነበረችውን ያወቅነው ጽዋ ልንጠጣ ገብተን ነው። አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ልብሱን ቀይሮ ይመጣል። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

እናቴ ጽዋውን በሁለት እጇ አነሳች፣ ግንባሯን አስነካችው፣ ለአባታችን ዘረጋችላቸው። «ወደ ቤቷ ይመልሱልኝ፣ አባቴ። ተረኛ አጣሁላት።»

እሳቸው ቀርበው ተቀበሏት። ማንም አላለቀሰም። በሩ ሲከፈት ደጅ ቆማ የነበረችው የወሎዋ ጎረቤታችን፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰውን ጽዋ ስታይ፣ ለዓመታት እንዳደረገችው ከጉሮሮዋ እልልታዋን ለቀቀችው። ተረኛ እየተሸኘች መስሏት ነው። የሚቀበላት ድምፅ ሲጠፋ ዞር ብላ ፊታችንን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ጃንጥላ ይዤ አባታችንን እስከ ቤተ ክርስቲያን ተከተልኳቸው። በታጠረው መሬት ጎን ጎን፣ በጭቃው ላይ ሄድን። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከቀሚሳቸው አውጥተው ከፈቱ። ከአሮጌ ጃንጥላዎችና ከተቀደዱ መጋረጃዎች በላይ አንድ ረጅም መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ጽዋዎች ተደርድረዋል። የሸክላ፣ የቀንድ፣ የብረት። በየአንዳንዱ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፎ የቅዱሱ ስምና የሰፈሩ ስም ተጽፎበታል።

ከዳር እስከ ዳር አየሁት። በገለጻዬ ልናገር ስሞክር የሰነበትኩት ነገር ሁሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

አባታችን ሁለት ጽዋዎችን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ለእኛው ቦታ አበጁለት።

«ተመልሶ የወሰደ አለ?» አልኳቸው።

«እስካሁን የጠየቀኝ የለም» አሉ። «የሚያመጡት ግን እንዲህ አክብረው ያመጣሉ። ምንም ጉድለት የለባቸውም።»

ቤት ስደርስ እንግዶቹ ሄደዋል። እናቴ ጣሳዎቹን እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«የት አስቀመጡት?»

«ዕቃ ቤት።»

«ብቻውን?»

ልደብቃት አልፈለግሁም። «አይደለም። ሌሎችም አሉ።»

እጇን ከውኃው አወጣች። «የእነማን?»

እንደ ልማዴ ከመደርደሪያው ጫፍ ጀምሬ በተራ ነገርኳት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበሩት የሚካኤል ማኅበርተኞች።

«እነሱም?»

የአናጺዎቹ የገብርኤል።

«እነሱም?» አለች። «እነሱ እኮ ወንዶች ነበሩ። ቃላቸው የማይታጠፍ።»

ከጠመንጃ ያዥ የመድኃኔዓለም። ከታችኛው መንገድ የኪዳነ ምሕረት፤ የእናቴ የክርስትና እናት የነበሩት ሴትዮ ያቋቋሙት።

በዚህኛው እነሱም አላለችም። እርጥብ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«በቃ ልጄ» አለችኝ። «አትዘርዝርብኝ።»